ሁለት ስንዝር

ከባሕር ዳር የወጣነው በጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በምሽቱ አውሮፕላን ነው። ከሰዓት በኋላ ጡቴን እሬት ቀብቼ ለልጄ ለኪሩቤል ሰጠሁት። ዐሥራ አንድ ወሩ ነበር። ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደገና ሞከረ። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከረም። የባለቤቴ እኅት ዘመናይ ስንወጣ እንዳያይ ብላ ከእጄ ተቀብላ በጓሮ በር ይዛው ወጣች። ስለዚህ እኔና እሱ አልተሰነባበትንም።

ይህን የምጽፈው የጽዋ ማኅበራችን እኅቶች "እንዴት ሆናችሁ? ጻፊልን እንጂ" እያላችሁ ስለምትልኩብኝ ነው። በስልክ ስትጠይቁኝ "ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። እውነት ነው፤ ደኅና ነን፤ እግዚአብሔርም ይመስገን። ግን ሁሉንም አልነገርኋችሁም። ልጅ ታቅፋችሁ ለሕክምና ለመውጣት የምታስቡ ካላችሁም እንድታውቁት ብዬ ነው።

ታላቋ ልጄ ሶልያና ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር። በነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት "ሆዴን" ብላ ወደቀች። አንጀቷ ተጠምዝዞ ነበር። የከተማችን ሐኪሞች ያኑ ቀን ቀደዱላት፤ የሞተውን ቆርጠው አውጥተው ነፍሷን አተረፉልኝ። ዕድሜ ይስጣቸው። የቀረው አንጀት ግን እየተጣበቀ ምግብ አላሳልፍ አለ። በሆዷ ላይ ከረጢት ተለጥፎላት የበላችው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። ክንዷ በሁለት ጣቴ መካከል የሚገባ ሆነ።

በኅዳር ከጀርመን ሀገር ዶክተር ሃይኬ የሚባሉ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ከእኛዎቹ ጋር ሊሠሩ መጡና አዩዋት። ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። የእኛው ወጣት ሐኪም እያስተረጎመ እንዲህ አሉን፦

"ሆዷ እንደገና መከፈት አለበት። ስንከፍተው የትኛው አንጀት ደም እንደሚደርሰው፣ የትኛው እንደማይደርሰው በዓይን መለየት ያስቸግራል። ጀርመን፣ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ይህን የሚያሳይ ካሜራ አለ። በደም ሥሯ መድኃኒት እንሰጣለን፤ ካሜራው ደሙ እስከ የት እንደሄደ ያሳየናል። ያለ እሱ ወይ አብዝተን እንቆርጣለን፣ ወይ የሞተውን ትተን እንሰፋለን።"

ባለቤቴ ስንታየሁ የፋብሪካ ቴክኒሻን ነው። ስለ ካሜራው ብዙ ጠየቀ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ።

"ከዚያ በኋላስ?"

"የሚተርፈው ከበቃ በአፏ በልታ ታድራለች፤ በሦስት ወር ትመለሳላችሁ። ካልበቃ በደም ሥር ነው የምትመገብ።"

"በደም ሥር መመገቡ እዚህ ይሆናል?"

ዶክተር ሃይኬ ወጣቱን ሐኪም አዩት፤ እሱም እሳቸውን አያቸው። "መጀመሪያ ከፍተን እንይ" አሉ።

ቪዛውም ለእኔና ለሶልያና ብቻ የተሰጠ፣ ሦስት ወር የሚል ነበር። እኔ በኮሌጅ መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር አምናለሁ። ለአለቃዬ የሦስት ወር ፈቃድ ጠየቅሁ። ለኪሩቤልም የሦስት ወር ልብስ አጥቤ አጣጥፌ አስቀመጥሁለት።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ሐይቁ ከበታቻችን ነበር። ሶልያና ግንባሯን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ "እማ፣ የአባባ ደሴት የትኛዋ ናት?" አለችኝ። አባቴ መሪጌታ ልሳነወርቅ ደቅ ላይ ነው የሚኖሩ። ጭጋግ ነበር፤ ምንም አልታየኝም። "ያቻት" አልኋት።

የደረስን ዕለት መሬቱ ነጭ ነበር። "ይህን ሁሉ ጨው ማን ዘራው?" አለች። ጥር እኮ በእኛ ሀገር የሠርግ ወር ነው፤ ፀሐይ የሚመታበት፣ ሰው በነጠላ የሚወጣበት። እዚህ ጥር ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ያለቀሰ ይመስላል። በመንገድ ላይ ለሚያልፍ ሁሉ ጎንበስ እያልሁ ሰላምታ ስሰጥ ሰነበትሁ። አንዲት ሴት ቆመው "እንተዋወቃለን ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ተውሁት።

ለሕክምናው የጋበዘንና ወጪውን የቻለልን የጀርመን በጎ አድራጎት ማኅበር አንድ ክፍል ተከራይቶልን ነበር። የቤቱ ባለቤት ፍራው ቬበር ይባላሉ፤ ከበታቻችን ነው የሚኖሩ። ፍራው እመቤት ማለት ነው። የኔ ስም ማስተዋል ነው፤ እሳቸው ግን እዚህ ሀገር እንደሚደረገው በአባቴ ስም "ፍራው ልሳነወርቅ" ይሉኛል። ደብዳቤውም የሚመጣው እንዲሁ ነው። የድንች ልጣጭ ከወረቀት ጋር የጣልሁ ጊዜ "የተከበሩ እመቤት ልሳነወርቅ፣ ቆሻሻዎን አልለዩም" የሚል ተጽፎ በሩ ሥር አገኘሁ። ለአባቴ ባነብላቸው "እኔ ከደቅ ሳልወጣ በጀርመን ሀገር ነውረኛ ሆንሁ?" አሉ። ከመጣሁ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ሆስፒታሉ የሚያስተረጉምልን ሰው ብዙ ፈለገ። በመጨረሻ የተገኘች እዚያው ወለል የምታጸዳ፣ ብዙ ዘመን የኖረች የማክሰኝት ሴት ናት፤ እትዬ ብርቱካን እላታለሁ። የመጀመሪያ ቀን መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣

"ጎጃሜ ናት አሉኝ። እውነት ነው?" አለችኝ።

"እውነት ነው።"

"እንግዲህ ቻይው፤ የጎንደር ሰው ነው አፍ የሆነሽ። ያልሽውን አሳምሬ ነው የማወራልሽ።"

"ያልሁትን ብቻ ብትነግሪልኝ ይበቃኛል።"

"አየሽ? ጎጃሜ ምስጋና አያውቅም" አለችና እቅፍ አደረገችኝ። ሰው ካቀፈኝ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር።

ቀዶው በየካቲት ሆነ። ሶልያናን እስከ በሩ ሸኘኋት። አረንጓዴ ልብስ ለባሾቹ ሲቀበሉኝ አላለቀሰችም፤ "እማ፣ ስነቃ ዓሣ እበላለሁ?" ብቻ አለች። "አዎ" አልኋት። ደቅ ላይ አባቴና ካህናቱ ከሌሊት ጀምረው በክርስትና ስሟ ይጸልዩላት ነበር። እኔ በኮሪደሩ ወንበር ላይ ውዳሴ ማርያም አነበብሁ። ሰባቱንም ቀን ጨርሼ እንደገና ጀመርሁ። ወደ ማታ ዶክተር ሃይኬ ወጡና ትከሻዬን ያዙ። "በሕይወት አለች። ነገ አሳይሻለሁ" አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት በአንድ ጠባብ ክፍል ተቀመጥን፤ ዶክተሯ፣ እትዬ ብርቱካንና እኔ። ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞሩልኝ። "ከማወራ ብታይው ይሻላል" አሉ።

ፊልሙ ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ሁሉም ጥቁርና ግራጫ ነው። የማየው የልጄ ሆድ ውስጡ መሆኑን ሳውቅ ዓይኔን ልጨፍን አልሁና ተውሁት፤ እሷ የቻለችውን እኔ ማየት ካቃተኝ ምን እናት ነኝ። ከዚያ ከአንዱ ጥግ አረንጓዴ ብቅ አለ። ቀስ እያለ ተስፋፋ። እያበራ፣ ከአንዱ እጥፋት ወደ ሌላው እየተሻገረ ሄደ።

የጣና ዳር ሰው ጥቁር ውኃ ላይ አረንጓዴ ሲስፋፋ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። እምቦጭ ነው የታየኝ፤ ሐይቃችንን የወረረው አረም። ከኮሌጁ ሠራተኞች ጋር በዘመቻ ወጥቼ እስከ ወገቤ ውኃ ውስጥ ገብቼ በእጄ ነቅየዋለሁ። ያጸዳነው ቦታ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ለምልሞ አይተናል። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን ይዞ ዳር ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ በልጄ ሆድ ውስጥ ሲሄድ አየሁት። ልቤ "ቁም፣ ቁም" ይል ነበር።

ቆመ። አንድ ቦታ ላይ እንደ ተሰመረ ሆኖ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም አንጀት ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

"ተመስገን" አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ተመስገን ጌታዬ፣ ያልነካው ብዙ ነው!" እጄን ዘርግቼ የዶክተሯን እጅ ሳምሁ።

ዶክተር ሃይኬ ወደ እትዬ ብርቱካን ዞረው ምን እንዳልሁ ጠየቁ። ያቺ ለፍላፊ እትዬ ብርቱካን አልተረጎመችላቸውም። ከዚያ እጄን ከዶክተሯ እጅ ላይ ቀስ ብላ አነሳችና በሁለት እጇ ያዘችው።

"ማስተዋልዬ" አለችኝ። "አረንጓዴው ነው ደሙ የደረሰበት።"

ፊልሙ ራሱን እየደጋገመ ይታይ ነበር። አረንጓዴው እንደገና ብቅ አለ፤ እንደገና ተስፋፋ፤ እንደገና እዚያው ቆመ። በዚህ ጊዜ "ሂድ፣ ሂድ" አልሁት በልቤ። አልሄደም።

ዶክተሯ ያስረዱኝ ይህን ነው። አንድ ሰማያዊ መስሎ የጠቆረ ክፍል ነበር። በዓይናቸው ቢፈርዱ ቆርጠው ይጥሉት ነበር። ካሜራው ሲበራ አረንጓዴ ሆኖ ታየ፤ ሕያው ነው፤ አተረፉት። ሌላ ደግሞ ቀይ፣ ያማረ መስሎ የታየ ነበር፤ ጥቁር ሆኖ ቀረ። እዚያ ላይ ሰፍተው ቢሆን በጥቂት ቀን ይተረተርና ልጅቱ አትኖርም ነበር።

"ስንት ተረፈ?" አልሁ።

እትዬ ብርቱካን ሴንቲሜትሩን ልትነግረኝ ጀመረችና ተወችው። ጠረጴዛው ላይ እጇን ዘርግታ ሰነዘረች። አንድ። እጇን አንስታ እንደገና አኖረች። ሁለት። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። እጇን ወደ ጉያዋ መለሰች።

"አንደኛዋን ስንዝር ያተረፋት ካሜራው ነው" አሉ ዶክተር ሃይኬ። "ለምግብ ግን ሁለት ስንዝር አይበቃም። ልጅ ሲያድግ አንጀቱም ያድጋል፤ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ በደም ሥር ትመገባለች።"

"ባሕር ዳር?"

"አይሆንም" አሉኝ። ዓይኔን እያዩ ነው ያሉኝ፤ ስለዚህም አከብራቸዋለሁ።

ያቺ ተመስገን ግን አስጨነቀችኝ። ለሞተው አንጀት ያመሰገንሁ፣ በሕያው ላይ ቁም እያልሁ የጸለይሁ እናት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ንስሓ እገባበታለሁ? ለአባቴ ደውዬ ነገርኋቸው። ከስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማኛል፤ ለኔትወርክ ብለው ከቤት ውጭ ነው የሚቆሙ።

"ልጂቱ አለች?" አሉኝ።

"አለች።"

"እንግዲያ ያለፈውን ተይው። አሁን ላለችው በይ።"

"ተመስገን" አልሁ። ብዬ ስጨርስ ነው እንባዬ የመጣ።

ነርሶቹ ሦስት ሳምንት አስተማሩኝ። ከደረቷ የወጣች ቀጭን ቱቦ አለች፤ ማታ ማታ ነጭ፣ ወተት የሚመስል ምግብ የያዘ ከረጢት አገናኝባታለሁ፤ ጠዋት እለያታለሁ። እጅ እስከ ክርን ይታጠባል፣ ጓንት ይደረጋል፣ የቱቦዋ ጫፍ ምንም ነገር አይነካትም። ቢነካት ትኩሳት ነው፤ ትኩሳቱ ደግሞ ሰዓት አይሰጥም። አባቴ ንዋየ ቅድሳት ሲያነሱ እንደሚያደርጉት ነው የማደርገው፤ አልናገርም፣ ዞር ብዬ አላይም። ከረጢቱ በፋርማሲ ለእሷ ብቻ ተቀምሞ በቅዝቃዜ ይመጣል። የሚያመጣው ሾፌር በሩን ሁለት ጊዜ ይደበድባል፤ ሲሄድ እባርከዋለሁ፤ አይሰማኝም።

በአፏም ለቅምሻ ያህል ይፈቀድላታል። ዓሣ ያልኋትን አልረሳችም። ከሱቅ ገዛሁላት፤ እንደ ሳሙና ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ነው። አገላብጣ አየችውና "እማ፣ የዚህ ዓሣ ፊቱ የት አለ?" አለች። ፍራው ቬበር ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ከነጭንቅላቱ፣ ዓይኑ ፍጥጥ ያለ ዓሣ ይዘውልን መጡ። ቁራሽ ቀምሳ "የጣና አይደለም" አለች። ግን ጥሩ ሴት ናቸው፤ እግዚአብሔር ይክፈላቸው።

በሰሞነ ሕማማት ደግሞ በሬን አንኳኩ። ዓርብ ስቅለት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ከተማ ነው፤ ልጅቱን ትቼ መሄድ ስለማልችል በክፍሌ እየሰገድሁ ነበር።

"ፍራው ልሳነወርቅ፣ ስፖርት ይሠራሉ?"

"ስፖርት አይደለም። ጸሎት ነው።" እስከዚያ ጥቂት ጥቂት ቋንቋቸውን ለምጄ ነበር።

"የሳሎኔ መብራት እየተወዛወዘ ነው። ስንት ጊዜ ይቀርዎታል?"

"ብዙ ጊዜ። አርባ አንድ አርባ አንድ እያልን ነው የምንሰግድ።"

አሰቡ። "ግማሹን ለነገ ቢያደርጉትስ?"

"ነገማ ስግደት የለም።"

ሄዱ። ተቆጡ ብዬ ቆሜ ሳለሁ ወፍራም ምንጣፍ በትከሻቸው ተሸክመው ተመለሱ። እሳቸው ራሳቸው ወለሉ ላይ ዘረጉትና "አሁን ይቀጥሉ" አሉኝ። ቀጠልሁ። በስማቸውም ጨምሬ ሰገድሁ።

ሦስት ወሩ አለቀ። ቴርሚን ይዘን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ የውጭ ሰዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄድን። ጸሐፊው ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ደረደረ።

"ልጅቱ ስንታየሁ ትባላለች። እርስዎ ልሳነወርቅ። ዝምድናችሁ ምንድን ነው?"

"እናቷ ነኝ።"

"ታዲያ ስማችሁ ለምን ተለያየ?"

"የእኔ አባት ሌላ፣ የእሷ አባት ሌላ ነው።"

"ባለቤትዎስ?"

"ሙላት። በአባቱ።"

"አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ስም?"

"ወንድሟ ግን ከእሷ ጋር አንድ ነው" አልሁት፤ እንዲያዝንልኝ። አላዘነም፤ ጻፈው። እኔም መዝገብ ቤት ሳለሁ ስም ያልገጠመለትን ተማሪ ስንቴ መልሻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

"ሕክምናው መቼ ያበቃል?"

"እግዚአብሔር ነው የሚያውቅ።"

እትዬ ብርቱካን ተረጎመችለት። "እሱን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ?" አለ።

እትዬ ብርቱካን ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ መስኮቱ ዞረች። የዶክተሯን ደብዳቤ አቀረብን፤ አንድ ዓመት ሰጠን። ባሌና ሕፃኑ መምጣት ይችላሉ ወይ አልሁት። ለሕክምና በተሰጠ ፈቃድ ቤተሰብ አይመጣም አለ። አንድ ዓመቱ አልፎ ይኸው ሁለተኛውን ይዘናል። ሶልያና ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ጉንጯ ሞልቷል፤ ትሮጣለች። ስትሮጥ ሳይ ሁለቱን እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ። ከዚህ በላይ ደግሞ ቤታችን መልሰን ብሎ መለመን ነውር ይመስለኛል። ሆኖም እለምናለሁ።

ለስንታየሁ ስለ ሁለቱ ስንዝር የነገርሁት ዕለት እንደ ቴክኒሻን ነው የመለሰልኝ። "ከረጢቱ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ጽፈሽ ላኪልኝ። የሰው እጅ የሠራው ነገር አይደለም? እዚህም የሚሠራው አይጠፋም።" ጻፍሁለት። ከዚያ ጀምሮ የዕረፍት ቀኑ ሰኞ በመጣ ቁጥር ያን ወረቀት ይዞ ይዞራል፤ ፋርማሲ አልቀረው፣ ሆስፒታል አልቀረው። አንዴም በዕረፍቱ አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሷል።

ትናንት እሑድ ደወለ። ኪሩቤልን ስልኩ ፊት አቆመው። አድጓል፤ ጸጉሩን ተላጭቷል። ዘመናይን "እማ" ይላታል። እኔን ቀና ብሎ አየኝና፣ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው አድርጎ፣ "ደኅና ዋልሽ እትዬ?" አለኝ።

"ደኅና ዋልሁ፣ የኔ ጌታ" አልሁት። ሮጦ ሄደ።

ስንታየሁ ስልኩን ወደ ራሱ መለሰ።

"ባለፈው ሰኞም ጠየቅሁ" አለ።

"ምን አሉህ?"

"ያው ነው። የለም ነው የሚሉ። አንዱ ፋርማሲስት ግን ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አነሳው።"

"ምን ሊያደርግለት?"

"እንጃ። አነሳው ብቻ።"

ከኋላዬ ሶልያና ተኝታለች፤ ነጩ ከረጢት ጠብ ጠብ ይላል። ስንታየሁ በስልኩ ውስጥ ያየዋል፤ ያየዋል።

"ነገ ደግሞ ዕረፍት ነኝ" አለኝ። "እጠይቃለሁ።"

"ጠይቅ" አልሁት።